በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የፊልም ፌስቲቫል፦ ስለ መጀመሪያው ዓመት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቁን ሰዎች አብዛኞቹ የፊልም ባለሙያዎች አይደሉም። መምህራን፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ ፊልም የሚወዱ ጡረተኞች ናቸው። እኛም እንደዚያው ነበርን። መልሶቹ የመጡት በመጀመሪያው ዓመታችን ከተሳካልንም ካልተሳካልንም ነገር ነው፤ ካልተሳካው የመጣው ይበዛል።

ስንት ቀን ይሁን? ስንትስ ፊልም እናሳይ?

ያሰባችሁትን ለሁለት ክፈሉት። ሦስት ቀን ካላችሁ ቀን ተኩል ይበቃል፤ አርባ ፊልም ካላችሁ ሃያውም ይበዛል። ተመልካች ቤቱ ሲገባ የሚያወራው ስለ ፊልሞቹ ብዛት አይደለም። ሰዓቱ ተከብሯል ወይ፣ ድምፁ ይሰማል ወይ፣ መቀመጫ ነበር ወይ፣ እሱን ነው የሚያወራው። አዳራሹም አንድ ይሁን። ሁለተኛ አዳራሽ ማለት ሁለተኛ ፕሮጀክተር፣ ሁለተኛ ቴክኒሻን፣ ሁለተኛ በር ላይ የሚቆም ሰው፣ በዚያ ላይ ለሁለት የተከፈለ ተመልካች ማለት ነው።

አጫጭር ፊልሞችን ከ75 እስከ 90 ደቂቃ በሚፈጅ ክፍለ ጊዜ አሰባስቡ፤ ስድስት ሰባት ፊልም ይይዛል። በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል 30 ደቂቃ ተዉ። ወረቀት ላይ ስታዩት ብክነት ይመስላል። በዕለቱ ግን ውይይቱ ይረዝማል፣ ሰው ከወንበሩ ቶሎ አይነሳም፣ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ሰልፍ አለ፣ የሚቀጥለው ፊልም መፈተሽ አለበት። እኛ የተውነው 10 ደቂቃ ብቻ ነበር። ጠዋት የጀመረችው ትንሽ መዘግየት ማታ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆና ጠበቀችን፤ የመዝጊያውን ፊልም ግማሹ ሰው ሳያየው ሄደ።

ከስንት ወር በፊት እንጀምር?

ስምንት ወር። ቁጠራውን ከፌስቲቫሉ ቀን ወደ ኋላ አድርጉት። ፕሮግራሙ ከ6 ሳምንት በፊት መታወቅ አለበት። የምርጫው ውሳኔ ከዚያ 4 ሳምንት ይቀድማል፤ ምክንያቱም የተመረጡትን ማሳወቅ፣ ፋይሎቹን መቀበልና መፈተሽ አንድ ወር ይበላል። ለማየትና ለመምረጥ ሁለት ወር፣ ፊልም ለመቀበል ሦስት ወር ጨምሩ። ቀሪው ጊዜ ሰዎቹን ለማሰባሰብና አዳራሹን በጽሑፍ ለመያዝ ነው። በጽሑፍ የሚለው ላይ ይሰመርበት፤ «ችግር የለም፣ ኑ» ተብሎ የተሰጠ አዳራሽ ለሌላ ስብሰባም «ችግር የለም» ሊባል ይችላል።

ፌስቲቫል ለመባል የአንድ አካል ዕውቅና ያስፈልጋል?

ስሙን ለመጠቀም አያስፈልግም። ዓለም አቀፉ የፊልም ፕሮዲውሰሮች ማኅበራት ፌዴሬሽን ዕውቅና የሚሰጣቸው ፌስቲቫሎች አሉ፤ ካን፣ ቬኒስና በርሊን ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ለእናንተ ያ የሌላ ዓለም ጉዳይ ነው። የሚመለከታችሁ በአካባቢያችሁ ሕዝብ ሰብስቦ ፊልም ለማሳየት የሚጠየቀው ፈቃድና የዕድሜ ገደብ ደንብ ነው፤ እሱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፦ ከሌላ አገር ሁለት ፊልም ስለመጣላችሁ ብቻ «ዓለም አቀፍ» የሚለውን ቃል ስማችሁ ላይ አትለጥፉ። ባነሩ ላይ ያምራል፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉትን ስልሳ ሰዎች ግን ያስቃል።

ስንት በጎ ፈቃደኛ እንፈልጋለን? እንዴትስ እናቆያቸዋለን?

ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ አምስት ስድስት ሰው፣ ለፌስቲቫሉ ቀን ደግሞ ከ15 እስከ 20። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ችግሩ የሚመጣው ሃምሳውም ሰው የትኛዋ ሎሚ የእሱ እንደሆነች ሳያውቅ ሲቀር ነው። እኛ ዘንድ ሁሉም ሰው «ሁሉንም እናግዛለን» ብሎ ነበር የጀመረው። በሦስተኛው ወር ፖስተሩን ሦስት ሰው ሠርቶታል፣ አዳራሹ ድረስ ሄዶ ያየው ግን አንድም አልነበረም።

ስለዚህ የፊልም ምርጫ፣ አዳራሽና ቴክኒክ፣ ገንዘብ፣ ማስታወቂያ፣ የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪነት፣ እነዚህ እያንዳንዳቸው አንድ ባለቤት ይኑራቸው። ሌላው ሰው ያግዛል እንጂ አይወስንም። ሰው ስትመለምሉም «ታግዘናለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ ይዞት አዎ ይላል። «በሳምንት ስንት ሰዓት አለህ?» በሉት። «ሁለት» ካለ የሁለት ሰዓት ሥራ ስጡት፤ ሁለት ሰዓት ያለው ሰው እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። የሚያቋርጠው አሥር ሰዓት አለኝ ያለው ነው።

በዕለቱ ፈረቃው ከአራት ሰዓት አይብለጥ። በዋዜማው ለእያንዳንዱ ደውሉ፤ መልእክት መላክና መደወል አንድ አይደሉም። ምግብና ውኃ አዘጋጁ። እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ጊዜ ይመደብለት፤ በር ላይ ቆሞ ጭብጨባ ብቻ ሲሰማ የዋለ ሰው በዓመቱ አይመለስም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውን የተማርነው ግን ዘግይተን ነው፦ ምንም ሥራ ያልተመደበበት አንድ ሰው ይኑር። ቁልፍ ሲጠፋ፣ እንግዳ ሲጠፋው፣ ገመድ ሲበጠስ የሚሮጠው እሱ ነው። ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ከሆነ አደጋ ሲመጣ የሚሮጠው የራሱን ቦታ ጥሎ ነው።

ፊልም ከየት እናገኛለን? ማስገቢያስ እናስከፍል?

ፊልምፍሪዌይን በመሳሰሉ፣ ፊልም ለፌስቲቫል በሚላክባቸው የኢንተርኔት መድረኮች ጥሪ ማውጣት ይቻላል፤ ፊልም ሠሪዎች እዚያ ይፈልጓችኋል። በር ስትከፍቱ ግን የሚገባው ብዙ ነው። ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩት፦ 200 ፊልም በአማካይ 15 ደቂቃ ቢሆን 50 ሰዓት ነው። እያንዳንዱን ሁለት ሰው ይየው ካላችሁ 100 ሰዓት። አይቶ የሚመርጥ አሥር ሰው ካላችሁ ለእያንዳንዱ አሥር ሰዓት ይደርሰዋል፤ ይቻላል። ሦስት ከሆናችሁ አትጀምሩት፤ ጥሪውን በአካባቢ፣ በርዝመት ወይም በጉዳይ አጥብቡት። የርዝመት ገደብ በጣም ይረዳል። የኦስካር ሽልማት ድርጅት አጭር ፊልም የሚለው ከነክሬዲቱ 40 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች የሆነውን ነው። እናንተ ግን 20 ላይ ብትቆርጡት ማንም አይቀየማችሁም። የ35 ደቂቃ ፊልም የሦስት ፊልም ቦታ ይወስዳል፣ ከምን ጋር እንደሚቀመጥም ግራ ያጋባል።

ክፍያውን በተመለከተ የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት አታስከፍሉ። ገና ምንም አላሳያችሁም፤ ፊልም ሠሪው የሚከፍለው ለምን እንደሆነ አያውቅም። ገንዘብ ሰብስበው አዳራሽ እንኳ ሳይኖራቸው የአሸናፊነት ምልክት በኢሜይል የሚበትኑ «ፌስቲቫሎች» መኖራቸውን ፊልም ሠሪዎች ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ከእነሱ ጋር እንዳይመድቧችሁ።

የገዛነውን ዲስክ ወይም ኢንተርኔት ላይ ያለ ፊልም ማሳየት እንችላለን?

አይቻልም። ዲስክ መግዛትም ሆነ ለቪዲዮ አገልግሎት በወር መክፈል የሚሰጠው ቤት ውስጥ የማየት መብት ነው። ሕዝብ ሰብስቦ ማሳየት ሌላ መብት ነው፤ መግቢያው ነፃ ቢሆንም ያው ነው። መብቱ ያለው ሰው (ዳይሬክተሩ፣ ፕሮዲውሰሩ ወይም አከፋፋዩ) በጽሑፍ ይፍቀድ። ኢሜይል ይበቃል፤ ነገር ግን የፊልሙ ርዕስ፣ የሚታይበት ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ ከፊልሙ የተወሰደ ቁራጭ ለማስታወቂያ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ይጻፍበት። ዳይሬክተሩ ፈቀደ ማለት መብቱ የእሱ ነው ማለት እንዳልሆነም አትርሱ። ፊልሙን ለአከፋፋይ ሸጦት ይሆናል፤ አከፋፋዩ ደግሞ የማሳያ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ መጠየቅም መብቱ ነው።

ማን ይምረጥ?

ጣዕማቸው የሚለያይ ሰዎች። አምስቱም አንድ ዓይነት ፊልም የሚወዱ ከሆነ አንድ ሰው መረጠ ማለት ነው። የአንዱ ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ ፊልም ካስገባ፣ ያ ሰው ስለዚያ ፊልም ድምፅ አይስጥ፤ ከስብሰባውም ይውጣ። ትንሽ አካባቢ ስለሆነ ሁሉም ሰው ከሁሉም ሰው ጋር ይተዋወቃል፤ ደንቡ አስቀድሞ ካልተጻፈ ስሙ ሲነሳ መጻፍ ስድብ ይሆናል።

ነጥብ መስጠት ይረዳል፣ አማካይ ነጥብ ግን ያታልላል። ሁሉም ሰው 6 የሰጠው ፊልም 6 ያገኛል፤ ግማሹ 10፣ ግማሹ 2 የሰጠውም 6 ያገኛል። አዳራሽ ውስጥ የሚያነጋግረው ሁለተኛው ነው። ሰው የተጣላበትን ፊልም ጠረጴዛ ላይ አምጡትና እንደገና እዩት።

ላልተመረጡት ምን እንጻፍ?

በአጭሩና በጊዜው ጻፉ፤ ፕሮግራሙን ይፋ ከማድረጋችሁ በፊት ይድረሳቸው። ሰው መቅረቱን ከፖስተር ላይ ማወቅ የለበትም።

እውነተኛ ሲኒማ ቤት ካላገኘንስ?

የትምህርት ቤት ወይም የማኅበር አዳራሽ ይበቃል፤ ግን ፊልሙ በሚታይበት ሰዓት ሄዳችሁ እዩት። እኛ አዳራሻችንን ያየነው ማታ ነበር። ፕሮግራማችን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲጀምር የምዕራቡ መስኮት ፀሐይ ቀጥታ ስክሪኑ ላይ አረፈች። ጥቁር ጨርቅ ፍለጋ የሮጥነው ሩጫ እስካሁን ይቀለድብናል። ብርሃን የሚያስገባ አዳራሽን ውድ ፕሮጀክተር አያድነውም፤ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ግን መካከለኛው ፕሮጀክተር ይበቃል።

ወለሉ ሜዳ ከሆነ የስክሪኑ የታችኛው ጠርዝ ከተቀመጠ ሰው ጭንቅላት በላይ ይሁን፤ ቢያንስ 1 ሜትር ከ30። አለበለዚያ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያለው ሰው ሰብታይትል የሚያነበው በፊቱ ባለው ሰው ትከሻ በኩል እየተንጠራራ ነው። የመውጫ በሮች ከወንበርና ከባነር ነፃ ይሁኑ። ይህ ለክርክር አይቀርብም።

ፊልሞቹን በምን ዓይነት ፋይል እንቀበል?

ቦታችሁ የሲኒማ ሰርቨር (ፊልሙን የሚያጫውተው የሲኒማ ቤት ኮምፒውተር) ያለው ከሆነ ዲሲፒ የሚባለውን የሲኒማ ፋይሎች ጥቅል ትቀበላላችሁ። ዲሲፒ ከባድ ነው። በሰከንድ እስከ 250 ሜጋቢት ስለሚደርስ የ90 ደቂቃ ፊልም 170 ጊጋባይት ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሰርቨሩ መጫንም ጊዜ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሊኑክስ አሠራር በተዘጋጀ ሀርድ ዲስክ ስለሆነ ተራ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ባዶ ወይም የተበላሸ ይመስላል። «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ እሺ እንዳትሉ። የተቆለፈ ዲሲፒ ከሆነ ደግሞ ቁልፉ የሚሠራው ለአንድ የተወሰነ መሣሪያ፣ ከተወሰነ ሰዓት እስከ ተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ለሙከራ የምትከፍቱበትም ጊዜ እንዲጨመርበት ጠይቁ።

ሲኒማ ቤት ካልሆነ ይህን ሁሉ እርሱትና ጥሩ ጥራት ያለው ኤምፒፎር ፋይል ጠይቁ፤ 1920 በ1080 ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሰብስቡ፣ ቅጂውን በሌላ ላፕቶፕ ላይ አኑሩ። ከኢንተርኔት በቀጥታ አታሳዩ። የላፕቶፑን ማሳወቂያ፣ ማሻሻያና እንቅልፍ አጥፉ። በአሳዛኝ ትዕይንት መሐል ስክሪኑ ጥግ ላይ የቤተሰብ ግሩፕ መልእክት ብቅ ሲል አዳራሹ ሁሉ አንብቦታል።

ፍተሻው በራሱ በአዳራሹ፣ በራሱ በስፒከሩ ይደረግ። የእያንዳንዱን ፊልም መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ሁለት ሁለት ደቂቃ እዩ። ለምን እንደምል ልንገራችሁ። አንድ ፊልም ድምፁ በ5.1፣ ማለትም ለስድስት ስፒከሮች በስድስት ቻናል ተከፍሎ ተዘጋጅቶ መጣልን፤ በዚህ ዓይነት ድምፅ ንግግሩ በአብዛኛው ያለው በመሐለኛው ቻናል ነው። እኛ ዘንድ የነበሩት ግራና ቀኝ ሁለት ስፒከሮች ናቸው፤ ማጫወቻው መሐለኛውን ወደ ሁለቱ አልቀላቀለውም ነበር። ፊልሙ ሲጀመር ሙዚቃው ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ዝናቡ ይዘንባል፣ በር ይዘጋል፤ እናትና ልጅ ጠረጴዛ ከበው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ቃል የለም። ተመልካቹ የፊልሙ ስልት መስሎት አራት ደቂቃ በትዕግሥት ዝም ብሎ አየ። ዳይሬክተሩ ከኋላ ረድፍ ተነስቶ ሲሮጥ ነው የነቃነው። እንግዲህ መጽናኛ ከፈለጋችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 በመጀመሪያው የካን ፌስቲቫልም የፊልም ጥቅልሎች ቅደም ተከተላቸው ተዛብቶ ታይተዋል።

ሰብታይትል ለምን ያስቸግራል?

በሁለት ምክንያት። የመጀመሪያው ፊደል ነው። የሰብታይትል ፋይል በዩቲኤፍ-8 (የየቋንቋውን ፊደል በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ) ካልተቀመጠ ወይም ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ካላገኘ፣ ስክሪኑ ላይ የምታዩት የባዶ ሣጥን ሰልፍ ነው። በላፕቶፕህ ላይ ሠራ ማለት በሌላው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። በሰከንድ 25 ምስል ለሚሄድ ቅጂ የተዘጋጀ ሰብታይትል በ24 ለሚሄደው ቅጂ ከተሰጠ በትንሽ በትንሹ ይቀድማል፤ መጀመሪያ ላይ አይታወቅም፣ በመቶኛው ደቂቃ ግን አራት ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ገዳዩ ሳይታወቅ ስሙ ተነቦ ያለቀበት ፊልም አይተናል። ለሁለቱም መድኃኒቱ ሰብታይትሉ ምስሉ ላይ ታትሞ እንዲመጣ መጠየቅ፣ ከዚያም መጨረሻውን ማየት ነው።

ሽልማት የሌለው ፌስቲቫል ይሆናል?

ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1932 የመጀመሪያው የቬኒስ ፌስቲቫል ሲካሄድ ይፋዊ የዳኞች ሽልማት አልነበረም፤ የወደደውን የመረጠው ተመልካቹ ነው። ዛሬ ከአጭር ፊልም ፌስቲቫሎች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የፈረንሳዩ የክሌርሞን ፌራን ዝግጅትም እ.ኤ.አ. በ1979 በተማሪዎች የፊልም ክበብ ሲጀመር የአጭር ፊልም ሳምንት ነበር፤ ውድድር የጨመረው በ1982 ነው። የዳኞች ቡድን ማለት መጋበዝ፣ ማስተናገድ፣ ማከራከር፣ ዋንጫ ማሠራት ማለት ነው። አንድ የተመልካች ሽልማት ይበቃል። ነጥብ የሚሰጥበትን ወረቀት በር ላይ አድሉ፣ ሲወጡ ሰብስቡ፣ ሁለት ሰው ይቁጠር። በድምፅ ብዛት ሳይሆን በአማካይ ነጥብ አወዳድሩ፤ አለበለዚያ ዘመድ የበዛለት ያሸንፋል።

የገንዘብ ሽልማት ቃል ከገባችሁ ገንዘቡ በእጃችሁ ይኑር። ከስፖንሰር ይመጣል ተብሎ መድረክ ላይ የታወጀ ሽልማት ስምን ያስጠፋል።

ገንዘብስ?

ቅድሚያ ለድምፅ፣ ከዚያ ለአዳራሽና ለፕሮጀክተር፣ ከዚያ ለበጎ ፈቃደኞች ምግብ። ቲሸርት መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁሉም ግን ከቲሸርት ይጀምራል። ስፖንሰርን ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ ዕቃና አገልግሎት ብትጠይቁት ቶሎ እሺ ይላል፤ ኅትመት፣ ጄኔሬተር፣ ለእንግዳ ማደሪያ። ሒሳቡ በአንድ ሰው ቦርሳ ውስጥ አይሁን፤ ሁለት ሰው ይፈርም፣ ደረሰኝ ይያዝ። ወዳጅነት የሚፈርሰው በትልቅ ገንዘብ ብቻ አይደለም።

መግቢያን በተመለከተ ትንሽም ቢሆን ማስከፈል ከነፃ ይሻላል እላለሁ። በነፃ ቦታ የያዘ ሰው ደመና ካየ ይቀራል። መክፈል ለማይችል ሰው ግን ሳያፍር የሚገባበት መንገድ ይኑር።

ከፊልሙ በኋላ የሚደረገው ውይይት እንዴት ይመራ?

ሃያ ደቂቃ፣ አንድ መድረክ መሪ፣ ሁለት ማይክ። ተመልካች ዘንድ የሚሄደውን ማይክ የያዘው በጎ ፈቃደኛ ማይኩን ከእጁ አይልቀቅ፤ ጠያቂው አፍ ላይ ይያዝለት። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው ማይኩን ከተቀበለ አዳራሹም ተቀብሎታል። መድረክ መሪው የመጀመሪያውን ጥያቄ ራሱ ይዞ ይምጣ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ገና ስሜቱ ውስጥ ነው፣ ዝምታው ደግሞ ዳይሬክተሩን ያስፈራዋል።

ማንም ባይመጣስ?

ይመጣል፣ ግን ካሰባችሁት ያነሰ። ስለዚህ ትንሽ አዳራሽ ያዙ። ስልሳ ሰው በሰባ ወንበር ላይ ድግስ ነው፤ በሦስት መቶ ወንበር ላይ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ማስታወቂያ ላይ ከፖስተር ይልቅ የሚሠራው የፊልሙ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፦ ተዋናዩ፣ የካሜራ ባለሙያው፣ ቤቷን ለቀረጻ የሰጠችው ሴትዮ። እያንዳንዳቸው አምስት ሰው ይዘው ይመጣሉ። ቤቷን የሰጠችው ሴትዮ እኛ ዘንድ አሥራ አንድ ሰው ይዛ መጣች፤ ሳሎኗ ስክሪኑ ላይ በታየ ቁጥር ረድፉ በሙሉ እርስ በርሱ ይነካካ ነበር።

ፌስቲቫሉ ካለቀ በኋላ ምን ይቀራል?

በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ። ሀርድ ዲስኮችን መመለስ፣ የተቀበላችኋቸውን ፋይሎች ከሁለቱም ላፕቶፕ ማጥፋት፣ ማጥፋታችሁን ለባለቤቶቹ መጻፍ። ያልተከፈለውን መክፈል። ለፊልም ሠሪዎች ስንት ሰው እንዳየላቸው በእውነተኛው ቁጥር መንገር፣ ፎቶ መላክ። ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ተቀምጦ ምን እንደተበላሸ መጻፍ፤ ነገሩ ገና ትኩስ ሳለ ካልተጻፈ ሁሉም ሰው «ጥሩ ነበር» ብሎ ይረሳዋል።

ሁለተኛውን ዓመት መቼ እናሳውቅ?

በመዝጊያው ምሽት አይደለም። መድረክ ላይ ጭብጨባው ሲደምቅ «የዛሬ ዓመት እንገናኝ!» ማለት ያምራል፤ እኛም ብለነዋል። በማግሥቱ ወንበር ልናነሳ የመጣነው አራት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ከአራታችን ሁለቱ በመጪው ዓመት እንደማይኖሩ እዚያው ወንበር እያነባበሩ ነገሩን። አንድ ወር ጠብቁ፣ ማን እንደሚቀጥል ጠይቁ፣ ከዚያ ቀኑን አውጁ።